ሰመክ ሙሳን በፎቶ እንዴት እንለያለን?

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ከሰል ዳር ቁጭ ስል ኢሞዬ ይጮኻል። ከጂዳ ነው፣ ወይ ከኩዌት። ፎቶ ነው የሚመጣው። ሳህን ላይ እንደ ቂጣ የተዘረጋ ቡናማ ነገር ይታያል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «እታበባ፣ ይሄ ሰመክ ሙሳ ነው?»

እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለን በብርድ የምንኖር ሰዎች ነን። እዚህ ገበያ ዓሣ ከተባለ ቆሮሶ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ አምባዛ። ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ በእጁ የነካ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ከዓረብ አገር ከተመለስነው መሐል ነው። እኔ ጂዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ምግብ ሠርቻለሁ። አሁን ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ የሚሄዱ ልጆች ከመሄዳቸው በፊት እኔ ቤት እየመጡ ትንሽ ትንሽ ሙያ ያያሉ። ከብሳውን፣ የዓረቦቹን ሩዝ በሥጋ፣ አሳያቸዋለሁ፣ ሳምቡሳውን አሳያቸዋለሁ። ሰመክ ሙሳን ግን ከየት አምጥቼ? ስለዚህ ደርሰው ገበያ ሲላኩ ግራ ይገባቸዋል፣ ፎቶ ይልካሉ።

ለእያንዳንዷ ከመመለስ አንዴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ለልጆቹ ስለሆነ «አንቺ» እያልኩ ነው የምሄደው፤ ወንድ አንባቢ አይክፋው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

ሰመክ ሙሳ ማለት የሙሴ ዓሣ ማለት ነው። ቀይ ባሕር ዳር የሚነገር ተረት አለ። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል አንድ ዓሣ መሐል ላይ ነበረ አሉ። ባሕሩ ሲሰነጠቅ እሱም ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በግማሽ ገላው ይኖራል። አንዱ ጎኑ ቀለም ያለው፣ ሌላው ጎኑ የነጣው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ በኩል የሆኑት ለዚህ ነው ይላሉ።

እውነቱም ከተረቱ አይተናነስም። ዓሣው ሲፈለፈል እንደ ማንኛውም ዓሣ ነው። ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ ዓይን አለው። ትንሽ ቆይቶ ግን አንደኛው ዓይን በግንባሩ በኩል ተጉዞ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ከዚያ ዓሣው ዓይን በሌለው ጎኑ አሸዋ ላይ ይተኛና ዕድሜውን በዚያው ይገፋል።

ይሄን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ እዚሁ ቆሮሶ ግዢና ትሪ ላይ በጎኑ አስተኚው። አንደኛው ዓይን ወደ ላይ ያይሻል፤ ሌላው ትሪው ላይ ተደፍቷል፣ ምንም አያይም። ያ የተደፋው ዓይን ተነሥቶ ከላይኛው አጠገብ ቢቀመጥ ብለሽ አስቢ። ጠፍጣፋው ዓሣ እሱ ነው። እኔ ቤት የሚመጡትን የማስተምረው በዚህ ነው። አንዷ ልጅ «ወይኔ፣ ጠማማ!» ብላ አሳቀችን።

ችግሩ ዓሣ ሻጩ ሰመክ ሙሳ የሚለው ይሄን የመሰለውን ሁሉ መሆኑ ነው። የዚህ ወገን ዓሣ ደግሞ በዓለም ላይ ከ700 ዓይነት ይበልጣል። እዚህ የምጽፈው ስለ አንዱ ነው፦ በቀይ ባሕርና በአካባቢው ስለሚገኘው የሙሴ ዓሣ። የሳይንስ ስሙ ፓርዳኪረስ ማርሞራተስ ነው። ዝርያውን መጀመሪያ መዝግቦ ስም ያወጣለት ላሴፔድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1802 እ.ኤ.አ.። ስሙ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሲፈታ ራሱ ምልክት ነው። «ፓርዳኪረስ» የግሪክ ነው፤ ነብርና እጅ የለሽ የሚሉ ቃላት ተጋጥመው። «ማርሞራተስ» ደግሞ የላቲን ነው፤ እብነ በረድ የመሰለ። ነብር፣ እጅ የለሽ፣ እብነ በረድ። እነዚህን ሦስቱን በቃልሽ ያዢ፤ ወደ ታች እንመለስባቸዋለን።

ቀለሙን ለጊዜው ተዪው

ልጆቹ ሁሉ የሚጀምሩት ከቀለም ነው። «ቡናማ ነው፣ ነጠብጣብ አለው።» እሱማ ሁሉም ቡናማ ናቸው! ይሄ ዓሣ መደበቂያው ቀለሙ ነው። የተኛበትን አሸዋ ይመስላል። አንዳንዶቹ ዘመዶቹ ደግሞ ቦታ ሲቀይሩ ወዲያው መልካቸውን ይቀይራሉ። ከሞተ በኋላ በረዶ ላይ ሲውል ደግሞ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀለም መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። መጀመሪያ የማይለወጠውን ነገር እዪ።

እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ ነው። ጂዳ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ማዳም ሰመክ ሙሳ እንድገዛ ከሾፌሩ ጋር ላከችኝ። ሻጩ አንድ ረዘም ያለ፣ ቡናማ ዓሣ አነሣና ወረቀት ላይ ጣለልኝ። እኔም ቀለሙን አይቼ ደስ ብሎኝ ይዤ ሄድኩ። ማዳም ከፈተችው፣ አየችው፣ አየችኝ። «ይሄ ምላስ ነው» አለች። እውነትም የበሬ ምላስ ነው የሚመስለው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሻጭ ጋ ሄድኩ። ጢማቸው የሸበተ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። «ሀጂ፣ እባክዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡና አንዱን ዓሣ አንሥተው ጅራቱን በሁለት ጣት ዘረጉት። «ቀለም ይዋሻል፣ ጅራት አይዋሽም» አሉኝ። ከታች ያለው ግማሹ የእሳቸው ነው፤ ግማሹ ተመልሼ ካነበብኩት።

አንደኛ፦ በጎኑ ነው የተኛው ወይስ በሆዱ?

ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ የዚህ ወገን አይደለም። ገበያው ላይ እንደ ሰሌን የተዘረጋ፣ ጅራቱ አለንጋ የሚመስል ዓሣ ታገኛለሽ። እሱ ስቲንግሬይ ይባላል። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ እኩል ናቸው፣ አፉ ከሥር ሆዱ በኩል ነው። እሱ በሆዱ ነው የተኛው። የእኛው በጎኑ ነው። አፉ ጎን ላይ ተጣሞ፣ ሁለት ዓይን ባንድ በኩል ከታየሽ ቀጥዪ።

ሁለተኛ፦ ጭንቅላቱ ወዴት ያያል?

ይሄን ደህና አድርጊ ያዢው፤ ብዙው ነገር እዚህ ነው የሚለየው።

ዓሣውን ዓይን ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጊና ሳህን ላይ አስቀምጪው። ዙሪያውን እንደ ቀሚስ ጥልፍ የዞረ ክንፍ አለ። አንዱ የጀርባ፣ አንዱ የሆድ በኩል ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዴት ታውቂያለሽ? የጀርባው ክንፍ ከጭንቅላቱ ጫፍ፣ ከአፍንጫው አካባቢ ይጀምራል። የሆዱ በኩል ያለው ግን ከስንጥቡ፣ ዓሣው ከሚተነፍስበት፣ በኋላ ነው የሚጀምረው። ስንጥቡም የሚከፈተው ወደ ሆድ በኩል ነው።

አሁን ሆዱን ወደ ራስሽ አዙሪ። ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ እጅሽ ካየ፣ ዓሣው ቀኝ ዓይናማ ነው። ወደ ግራ እጅሽ ካየ ግራ ዓይናማ ነው። የሙሴ ዓሣ ቀኝ ዓይናማ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ግራሽ ካየ፣ ሌላ ዓይነት ነው የያዝሽው ማለት ይቻላል። እኔን ያታለለኝ የምላስ ዓሣ ግራ ዓይናማ ነው። ነብር መሳዩ ፍላውንደር የሚባለው፣ ቀለበት ቀለበት ያለበት ውብ ዓሣም ግራ ዓይናማ ነው።

ይህች ዘዴ የምትከዳው አንድ ቦታ ላይ ነው። የህንድ ሃሊበት የሚሉት ትልቅ ዓሣ አለ። እሱ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ዓይናማ እየሆነ ይወጣል። ስለዚህ ቀኝ ሆኖ ብታገኚውም አትቸኩዪ።

ሦስተኛ፦ አፉን ክፈቺ

የህንድ ሃሊበቱን የሚያጋልጠው አፉ ነው። አፉ ሰፊ ነው፣ ጥርሱም እንደ መርፌ የሾለ ነው። ጣትሽን አታስገቢ። የጀርባ ክንፉም ከአፍንጫው ሳይሆን ከዓይኖቹ ኋላ ነው የሚጀምረው። የሙሴ ዓሣ አፍ ትንሽዬ ናት። ወደ ታች ጎበጥ ያለች፣ የተከፋ ልጅ አፍ የምትመስል። አፍንጫው ክብ ሆኖ ከላይ ደፋ ይልባታል።

አራተኛ፦ ጅራቱን ዘርጊ

የሀጂ ትምህርት ይሄ ነው። ጣትሽን ውኃ አስነኪና ጅራቱን በቀስታ ዘርጊው። ዙሪያውን የመጣው ክንፍ ከጅራቱ ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል ወይስ ጅራቱ ለብቻው ቆሟል? በሙሴ ዓሣ ላይ ጅራቱ ለብቻው ነው። በመሐላቸው ክፍተት አለ፣ ጅራቱም እንደ ትንሽ ማራገቢያ ይዘረጋል። በምላስ ዓሣው ላይ ግን ሁሉም ተያይዞ ወደ ጫፍ ይሾላል፤ ጅራት የሚባል ነገር ለብቻው አይታይሽም። ዜብራ የመሰለ፣ አግድም አግድም ጥቁር መስመር ያለበት ሌላ ቀኝ ዓይናማ ዘመድም አለ፤ እሱም ጅራቱ የተያያዘ ነው።

እርጥብ ጣት ያልኩሽ በምክንያት ነው። የደረቀ ክንፍ ሲዘረጋ ይቀደዳል። ከተቀደደ በኋላ ደግሞ የተያያዘው የተለያየ ይመስልሻል። አንዷ ልጅ እንዲህ አድርጋ ሁለታችንንም አሳስታናለች።

አምስተኛ፦ እጁን ፈልጊ

ቆሮሶውን እዪው። ከስንጥቡ ኋላ፣ ጎኑ ላይ፣ እንደ ትንሽ እጅ የሚወዛወዝ ክንፍ አለው። የደረት ክንፍ ይባላል። አሁን ጠፍጣፋው ዓሣ ላይ እዚያው ቦታ ፈልጊው፤ በላይኛው ጎንም፣ ገልብጠሽ በታችኛውም። የሙሴ ዓሣ ላይ የለም። «እጅ የለሽ» የተባለው ለዚህ ነው። ቀኝ ዓይናማ ሆነው፣ ጅራታቸው ለብቻው የቆመ ሌሎች ሶሎች (የሙሴ ዓሣ ወገን የሆኑ ጠፍጣፋ ዓሦች) አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንሽም ብትሆን የደረት ክንፍ አላቸው። በፎቶ ላይ በጣም የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ክንፉ ቀጭን ስለሆነ ገላው ላይ ተለጥፎ ይጠፋል። በጥፍርሽ ጫፍ ከስንጥቡ ክዳን ኋላ ወደ ፊት ጫር አድርጊ። ካለ ይነሣል።

ስድስተኛ፦ ወተቱ

ሁሉም ልክ ከመጣልሽ አሁን ትንሽ ትንፋሽ ውሰጂ፤ የሚገርመው ነገር እዚህ ነው።

የጀርባውና የሆዱ ክንፍ ሥር ሥሩን እዪ። ክንፉ የቆመባቸው ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። በየዘንጉ ሥር የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ አለች። ዓሣው ትኩስ ከሆነ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ይዘሽ ጫን ስትይው ነጭ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከነጥቦቹ ይወጣል። አረፋም አለው። ይሄ ከወጣ ሌላ ምስክር አያስፈልግሽም። ይህን ወተት የሚያወጣ የቅርብ ዘመድ ቢኖርም፣ ፒኮክ ሶል የሚባለው፣ የእሱ አገር ከስሪላንካ ወዲያ ወደ ምሥራቅ ነው። ቀይ ባሕር ላይ የምታገኚው የእኛው ነው።

ፈሳሹ መርዝ ነው። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ፓርዳክሲን ይባላል። ሻርክ እንኳ ይፈራዋል። ዩጂኒ ክላርክ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ዳር ስታጠናው፣ ሻርኩ ዓሣውን ሊነክስ አፉን ከፍቶ እንደከፈተ መዝጋት አቅቶት ሲወራጭ አይታለች። ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ሻርክን አፉን አስከፍቶ ሲያስቀር አስቢው።

ላንቺ የሚሆነው ነገር ግን ይሄ ነው። በሕይወት ያለ የሙሴ ዓሣ ከሌላ ሕያው ዓሣ ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ አታድርጊ፤ ሌሎቹን ይገድልብሻል። ከጫንሽው በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ዓይንሽን አትንኪ። እኔ አንዴ ጣቴ ላይ የተቆረጠ ነገር ነበረኝ፤ እንደ ሚጥሚጣ ለበለበኝ። ወጥ ቤት ስገባበት ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ክንፍ ከነሥሩ፣ ጣት በሚያህል ስፋት፣ በመቀስ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ጎን ቆዳውን ገፍፌ ሥጋውን በብዙ ውኃ አጥበዋለሁ። ይሄ የእኔ ልማድ ነው።

ዓሣው የሞተ ወይም ከበረዶ የወጣ ከሆነ ወተቱ ላይወጣ ይችላል። ስላልወጣ ብቻ አይደለም አትበዪ። ነጥቦቹን ፈልጊ።

አሁን ቀለሙ

እዚህ ደርሰሽ ነው ነብሩና እብነ በረዱ የሚጠቅሙሽ። ላይኛው ጎን ግራጫ ወደ ቡናማ ነው። በላዩ ላይ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ፣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ ዙሪያቸው ጠቆር ያለ ነው። መሐል መሐሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችም አሉ። የሆቴል ደረጃ ላይ የሚነጠፈውን እብነ በረድ ትዝ ይበልሽ። ታችኛው ጎን ነጭ ነው።

መጠኑንም አትርሺ። ትልቅ የሚባለው ወደ 26 ሳንቲሜትር ነው። በእኛ ልክ ከስንዝር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሁለት ስንዝር የሚሆን ዓሣ «ሰመክ ሙሳ» ብለው ከሸጡልሽ፣ ሌላ ነገር ነው የሸጡልሽ። ብዙ ጊዜ ያው የህንድ ሃሊበቱ ነው፣ እሱም ቢሆን መጥፎ ዓሣ አይደለም።

«ቅርፊት አለው ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ገብቶኛል። አምባዛን በዚሁ ምክንያት የማይነካ ሰው አገራችን ሞልቷል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት ይላልና። የሙሴ ዓሣ ሁለቱም አለው። ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ ነው የማይታየው። በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ብትፍቂው ይነሣል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለንስሐ አባትሽ ተዪው፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ቆዳው ተገፎ የሚሸጠው

ፊሌቶ ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ከመጣ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ አይሠራም። ዓይን የለ፣ ጅራት የለ። ያኔ ማወቅ የምትችዪው ጠፍጣፋ ዓሣ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። የጠፍጣፋ ዓሣ ፊሌቶ ስስ ነው፣ እጅሽ ላይ ስታነሺው እጥፍጥፍ ይላል። ወፍራም፣ ሰፊና አጥንት የሚባል የሌለበት ነጭ ፊሌቶ በርካሽ «ሶል» ተብሎ ከቀረበልሽ ጠርጥሪ። ፓንጋሲየስ የሚባል፣ ቬትናም ውስጥ በገፍ የሚረባ የወንዝ ዓሣ ሊሆን ይችላል። እሱ የአምባዛ ዘመድ ነው፤ ቅርፊትም የለውም። ፓኬቱን ገልብጠሽ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ።

ፎቶ ስትልኪልኝ

እባክሽ ከሽንኩርቱና ከኬሚካሉ አጠገብ አታንሺው። ዓሣውን እጠቢ፣ ነጭ ሳህን ወይም ትሪ ላይ አድርጊ። ሆዱን ወደ ራስሽ አዙሪ። ስልክሽን ከላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢ፤ ከጎን ከተነሣ ቅርጹ ይጣመማል። አጠገቡ ሳንቲም ወይ ማንኪያ አስቀምጪ፣ መጠኑን እንዳውቅ። አራት ፎቶ ይበቃኛል፦ ሙሉው ከላይ፣ ተገልብጦ፣ ጅራቱ ተዘርግቶ፣ ጭንቅላቱ ከቅርብ ከነአፉ። ፍላሽ አታብሪ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ያንፀባርቅና ነጠብጣቡን ይበላዋል። መስኮት ዳር ይሻላል። ፊልተር ደግሞ ፈጽሞ! ዓሣ ማሳመር አያስፈልገውም።

ትናንት ማታ አንዷ ከጂዳ ላከችልኝ። አንድ ፎቶ ብቻ፣ ያውም ነጩን ጎን። «ገልብጪው» አልኳት። ገለበጠችው። «ሆዱን ወዳንቺ አዙሪ።» አዞረች። ጭንቅላቱ ወደ ግራ። «ጅራቱን ዘርጊ።» ከደቂቃ በኋላ ሌላ ፎቶ ገባ። የሚዘረጋ ጅራት የለም፤ ዙሪያው ተያይዞ ሾሏል። ያው የእኔ ምላስ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ።

«ታዲያ ለማዳም ምን ልበላት እታበባ? ሰመክ ሙሳ ነው የላከችኝ።»

«ምላስ ነው የሰጡኝ በያት። ቆዳውን ከጭንቅላቱ በኩል ጀምረሽ ባንዴ ሳቢው፣ ዱቄትና ጨው ነስንሰሽ ጥበሺው፣ ሎሚ አድርጊበት።»

ትንሽ ቆይታ መለሰች። «ቆዳው እምቢ አለኝ።»

«ጣትሽን ጨው አስነኪ፣ እንዳያሟልጭሽ።»